የፌዴራል ዳኛ ክለርክ እስክሆን ያለፍኩበት መንገድ፦ ሎው ስኩል ለገባችሁና ለወላጆቻችሁ

የዳኛ ክለርክ ሆኜ የሠራሁበት ጊዜ ካለቀ ወዲህ፣ ሰርግም ላይ ለቅሶም ላይ ሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት) የገባ ልጅ ያላቸው ወላጆች ጠጋ ይሉና «እስቲ ከልጄ ጋር ተነጋገሪልኝ» ይሉኛል። ደስ ብሎኝ አወራለሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። የሚያስቆጨኝ አብዛኞቹ የሚደውሉልኝ ዋናው ጊዜ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። የፈረንጅ ልጆች ከአጎታቸው ወይም ከእናታቸው ጓደኛ እራት ላይ የሚሰሙትን እኛ በሦስተኛው ዓመት በአጋጣሚ እንሰማዋለን። እኔም የሰማሁት በአጋጣሚ ነው፤ ቀደም ብሎ መሆኑ ግን ጠቀመኝ።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ የዳኛ ክለርክ የሚባለው ከሎው ስኩል ተመርቆ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ከአንድ ዳኛ ጋር ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ነው። የሁለቱን ወገን ክርክር ያነባል፣ ሕጉን ያገላብጣል፣ ለዳኛው ቤንች ሜሞ የሚባለውን ትንተና ያዘጋጃል፣ የውሳኔ ረቂቅ ይጽፋል። አገሪቱ ውስጥ 94 የፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤቶችና 13 የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች አሉ። የዲስትሪክት ዳኛ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ክለርክ ይይዛል፣ የይግባኝ ዳኛ እስከ አራት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያሉት ዘጠኙ ዳኞችም እያንዳንዳቸው አራት አራት ክለርኮች ይኖሯቸዋል፤ እዚያ የሚደርሱት ደግሞ በአብዛኛው መጀመሪያ ይግባኝ ሰሚ ጋ ሠርተው የወጡ ናቸው። ቦታው ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ግን ዐቃቤ ሕግ ልሁን ቢል፣ ተከላካይ ጠበቃ ልሁን ቢል፣ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ልግባ ወይም ላስተምር ቢል ማመልከቻው ከላይ ይቀመጥለታል።

የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት አንገቴን ደፍቼ በማንበብ ነው። ሎው ስኩል ውስጥ ለአብዛኛው ትምህርት ያለው ፈተና አንድ ነው፣ እሱም ሴሚስተሩ ሲያልቅ። ስንት ሰው ኤ እንደሚያገኝም አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ የምትወዳደሩት ከጎናችሁ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ነው። ውጤቴ ደህና ነበር። ከእኔ አንድ ዓመት የምትቀድም የናይጄሪያ ልጅ ካፍቴሪያ ውስጥ «ክለርክሺፕ ታመለክቻለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ምን እንደሆነ ካስረዳችኝ በኋላ «የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽ ሦስት ፕሮፌሰሮች እነማን ናቸው?» አለችኝ። ስሜን የሚያውቅ አንድም ፕሮፌሰር አልነበረኝም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ በእኛ ልጆች ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር ስለሆነ። ያደግነው «አስተማሪን አታስቸግር» እየተባልን ነው። የፕሮፌሰር ቢሮ በር ላይ «የተማሪዎች ሰዓት» ተብሎ ሲለጠፍ ለደከመ ተማሪ የተዘጋጀ እርዳታ ይመስለናል። ሌሎቹ ልጆች ኤ እያገኙም ይሄዳሉ። ሄደው የሚያወሩት ስላልገባቸው ነገር ብቻ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ የተነሣ መዝገብ ላይ አናሳው ዳኛ (በድምፅ ተበልጠው የልዩነት ሐሳብ የጻፉት) ያሉት ለምን እንዳሳመናቸው፣ ፕሮፌሰሩ የጻፈው ጽሑፍ ላይ ያልተዋጠላቸው ምን እንደሆነ ያነሣሉ። ከዓመት በኋላ ፕሮፌሰሩ «ይህች ልጅ እንዴት እንደምታስብ አውቃለሁ» ብሎ መጻፍ የሚችለው ከዚያ ተነሥቶ ነው። «ክፍሌ ውስጥ ኤ አግኝታለች» የሚል ደብዳቤ ዳኛ ፊት ዋጋ የለውም፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ አለና።

እኔ ይሉኝታዬን ያሸነፍኩት በሥራ በኩል ነው። አንዲት ፕሮፌሰር የምርምር ረዳት ስትፈልግ አመለከትኩ፤ በጋውን ሙሉ የመጽሐፏን የግርጌ ማስታወሻዎች አንድ በአንድ ከምንጫቸው ጋር ሳመሳክር ከረምኩ። አሰልቺ ነው። ነገር ግን ሁለት የተጠቀሱ ፍርዶች በይግባኝ እንደተሻሩ አግኝቼ ስነግራት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምዕራፎቹን ሳይታተሙ እያነበብኩ አስተያየት እንድሰጥ አደረገችኝ። ለእኔ ደብዳቤ ብቻ አልጻፈችም፤ ስልክ አንሥታ የምታውቃቸውን ዳኞች አነጋገረችልኝ። የፕሮፌሰር ስልክ በዚህ ዓለም ከደብዳቤ ይበልጣል። ደብዳቤ ከፈለጋችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጠይቁ፣ ስትጠይቁም «ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» በሉ። ካመነታ አመስግናችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።

ስለ ሎው ሪቪው፣ ተማሪዎች ስለሚያዘጋጁት የሕግ ጆርናል፣ ብዙ አልልም። ከፈተና በኋላ ያለውን የመግቢያ የጽሑፍ ውድድር ደክሟችሁም ቢሆን ግቡበት፤ ብሉቡክ የሚባለውን የማጣቀሻ መመሪያ ቀድማችሁ ተለማመዱ። ካልተሳካ ሌሎቹ ጆርናሎችና ሙት ኮርት (የምስለ ችሎት ውድድር) አሉ።

አሁን ወደ ወረቀት ጉዳይ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ይህን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ማመልከቻ የሚገባበትን ኦስካር የተባለውን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ስከፍት ስለ ዜግነት የሚጠይቅ ቦታ አየሁ። እኔ በዲቪ ከወላጆቼ ጋር የመጣሁት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ሥራ እሠራለሁ፣ ታክስ እከፍላለሁ፤ ምን ይጎድለኛል ብዬ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በዋናው የአሜሪካ ምድር ካለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ደመወዝ ለመቀበል ዜጋ መሆን፣ ወይም ሕጉ ከሚፈቅድላቸው ጥቂት ወገኖች አንዱ መሆን ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የሚፈቀድለት «ዜግነት በመፈለግ ላይ» ከሆነ ነው። ይህ ማለት ግሪን ካርዱን ካገኘ አምስት ዓመት ሳይሞላው ከሆነ ጊዜው ሲደርስ ለዜግነት እንደሚያመለክት በቃለ መሐላ ያረጋግጣል፤ ከሞላ ደግሞ ማመልከት በቻለ በስድስት ወር ውስጥ ማመልከት ነበረበት። ከአሜሪካ ዜጋ ጋር ለተጋባ አምስት ዓመቱ ሦስት ይሆናል። ስደተኛ ሆነው የገቡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችም ግሪን ካርድና ዜግነት እንደሚያመለክቱ በጽሑፍ ካረጋገጡ ይፈቀድላቸዋል። በተማሪ ቪዛ ወይም በቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ያለ ሰው ግን አይችልም።

እኛ ቤት ዜግነት ስሜት ያለው ነገር ነበር። አባቴ የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት እንደማይፈቅድ ስለሚያውቅ «ፓስፖርቴን አልሰጥም» እያለ ዓመታት አለፉ፣ እኔም «ከእሱ ጋር አንድ ላይ» ብዬ ተቀመጥኩ። በዚህ ምክንያት ስድስት ወሩ ካለፈኝ ቆይቷል። የትምህርት ቤቴ አማካሪ «ዛሬ ማታ የዜግነት ፎርሙን ሙዪ» አለችኝ፤ ሞላሁ። የክለርክነቱ ማመልከቻ በገባበት ሰሞን ዜግነቱ ደረሰልኝ፣ በጣም ግን ለጥቂት ነው። አባቴም በመጨረሻ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ሰፊ መብት እንደሚያስገኝለት ሲረዳ ልቡ አረፈ። እባካችሁ፣ ልጃችሁ ሎው ስኩል እገባለሁ ካለ በመጀመሪያ የግሪን ካርዱን ቀን ተመልከቱ። አምስት ዓመቱ ከመሙላቱ 90 ቀን በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል።

ማመልከቻው ራሱ የሚይዘው አጭር ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የጽሑፍ ናሙናና የድጋፍ ደብዳቤዎች ነው። ከ2018 ወዲህ ብዙ ዳኞች የሚከተሉት የቅጥር ዕቅድ አለ፦ ተማሪው ሁለተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ይጠብቃሉ፣ ማመልከቻዎቹን ሰኔ ላይ በአንድ ቀን ያያሉ፣ ከዚያ ጥሪው ይጀምራል። ዕቅዱን መከተል ግን ግዴታ አይደለም። ቀደም ብለው የሚቀጥሩ ዳኞች አሉ፤ ስለዚህ የምትፈልጉት ዳኛ የትኛውን እንደሚከተል አጣሩ። እኔ መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ዝርዝር ዋሽንግተንና ኒውዮርክ ብቻ ነበር፤ ከማኅበረሰቡ መራቅ ከበደኝ። አማካሪዋ ግማሹን ሰረዘችና ኦሃዮ፣ ቴነሲ፣ ሚኒሶታ ጨመረችበት። ትላልቅ ከተሞች ላይ ማመልከቻ ይጎርፋል። ከሙሉ ሥራ ቀለል ያሉ አንጋፋ ዳኞችን፣ የዲስትሪክት ዳኞችን የሚያግዙ ማጅስትሬት ዳኞችንና የኪሳራ ችሎት ዳኞችንም አትርሱ። የፌዴራል ጁዲሻል ሴንተር ድረ ገጽ ላይ ከ1789 ጀምሮ የተሾሙ ዳኞች የሕይወት ታሪክ አለ። ዳኛው የት እንዳደገ፣ ዐቃቤ ሕግ ይሁን ተከላካይ እንደነበረ እዩና በደብዳቤያችሁ ውስጥ እውነተኛ ግንኙነት ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱ። የጽሑፍ ናሙናው ሌላ ሰው ያላረመው ይሁን፤ በሥራ ላይ የጻፋችሁት ከሆነ ደግሞ የአሠሪውን ፈቃድ ጠይቁ፣ የባለጉዳዩን ስም አጥፉ።

የመጀመሪያው ቃለ መጠይቄ ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ጋ ነበር። ክለርኮቻቸው መጀመሪያ አነጋገሩኝ፤ ያ በደንብ ሄደ። ዳኛው ጋ ስገባ ትንሽ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝና «ከውሳኔዎቼ መካከል ያልተስማማሽበት አለ?» አሉኝ። ነበር። አንብቤው፣ አናሳው ዳኛ የጻፉት አሳምኖኝ፣ ጠርዙ ላይ ማስታወሻ ጽፌ ነበር። ግን የትልቅ ሰው ንግግር አይታረምም በሚባልበት ቤት ያደገ ሰው ዳኛን ፊት ለፊት «እዚህ ጋ ልክ አይመስለኝም» ማለት ይከብደዋል። ዓይኔን ሰብሬ «ሁሉም በደንብ የተብራሩ ናቸው» አልኩ። ፈገግ አሉ፣ ጥቂት ቆይተውም አመሰገኑኝ። በኋላ ፕሮፌሰሬ ደውላ የሰማችው «ጨዋ ናት፤ ምን እንደምታስብ ግን ማወቅ አልቻልንም» የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ተለማመድኩ። የዳኛውን ሐሳብ እሳቸው ራሳቸው ቢሰሙት «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» በሚሉት መልክ ማስቀመጥ፤ ከዚያ ያስቸገረኝን አንድ ነጥብ መናገር፤ ከዚያ ዝም ማለት። ይቅርታ አለማብዛት፣ ድምፅን አለመቀነስ፣ ዓይን ዓይን ማየት። የዲስትሪክት ዳኛዋ ጋ ስቀርብ ተመሳሳይ ጥያቄ መጣ፤ ስለ አንድ የማስረጃ ብይናቸው ያልተዋጠልኝን ነገርኳቸው። ከወንበራቸው ቀና ብለው ይከራከሩኝ ጀመር። በአንዱ ነጥብ እውነታቸውን ነበርና ተቀበልኩ፣ በሌላው ግን አልለቀቅሁም። ክብር የጎደለው ነገር አልተሰማኝም፤ ዳኛዋ እንዲያውም እየተደሰቱ ነበር። በኋላ ሥራው ውስጥ ስገባ እንዳየሁት ክለርክ በየቀኑ የሚከፈለው ለዚሁ ነው። ዳኛው ሊሳሳት ሲል በሩን ዘግቶ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል፤ ከወሰነ በኋላ ደግሞ ያንኑ ውሳኔ በሙሉ ልብ የሚጽፍለት።

ሌላ የኛ ባሕል የሚፈትነን ቦታ የሥራው ጥሪ ሲመጣ ነው። ዳኛ ደውሎ «ነይ ከእኔ ጋር ሥሪ» ሲል «ቤተሰቤን አማክሬ ልደውል» ማለት ለእኛ ጨዋነት ነው። በዚያ ዓለም ግን ብዙ ሰው እዚያው ስልክ ላይ እሺ ይላል። ዕቅዱን የሚከተሉ ዳኞች ቢያንስ 24 ሰዓት ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ ላይሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር የሚደረገው ምክክር ከቃለ መጠይቁ በፊት ይለቅ፣ አብራችሁ ልትሠሩ የማትፈልጉት ዳኛ ጋም ከመጀመሪያው አታመልክቱ። የጉዞ ወጪውም የራሳችሁ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ በቪዲዮ ያነጋግራሉ፤ ያ ለኪሳችን መልካም ነው።

ከማመልከታችሁ በፊት የቀድሞ ክለርኮችን አነጋግሩ፤ በኢሜይል ሳይሆን በስልክ። የዳኛ ቢሮ ትንሽ ቤተሰብ ያህል ሰው ነው ያለው፤ ዳኛው ቁጡ ከሆነ አቤት የሚባልበት የሰው ኃይል ክፍል ፎቅ ላይ የለም። መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ፣ ታይትል ሰቨን፣ የዳኛ ክለርኮችን አይሸፍንም፤ ያለው የፍርድ ቤቶቹ የራሳቸው የቅሬታ ሥርዓት ነው። የማውቃት አንዲት ልጅ በዚህ ተጎድታ ዓመቷን ሳትጨርስ ወጥታለች። «ዳግም ቢሆን እዚያው ትሠራ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከመመለሱ በፊት ዝም ካለ ዝምታውን ስሙት።

ሥራው ራሱ ወደድኩት። የመጀመሪያ ረቂቄ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ተመለሰልኝ፤ ግርጌው ላይ ዳኛዋ «የተሸነፈው ሰው ይህን ሲያነብ ለምን እንደተሸነፈ ይገባዋል?» ብለው ጽፈዋል። ረቂቁን ለአሸናፊው ጠበቃ ነበር የጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ሁሌም በተሸናፊው ወገን በኩል አነባለሁ። ጠበቃ የሌላቸው እስረኞች በእጃቸው የሚጽፏቸው አቤቱታዎች ደግሞ ልዩ ናቸው። አንዱ በእርሳስ፣ በመስመር ወረቀት የተጻፈ ነበር፤ ጊዜው አልፎ እንደገባ ተደርጎ ሊዘጋ የሚችል። ወደ መጨረሻው ገጽ አካባቢ ሰነዱን ለጥበቃው ያስረከበበትን ቀን ጽፎታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 በሂውስተንና በላክ መዝገብ የእስረኛ የይግባኝ ማስታወቂያ ለማረሚያ ቤቱ ባስረከበበት ቀን እንደገባ ይቆጠራል ብሏል፤ ፍርድ ቤቶች ይህን ለሌሎች አቤቱታዎችም ተጠቅመውበታል። በዚያች አንድ መስመር አቤቱታው በጊዜው የገባ ሆነ። ይህን የምነግራችሁ መዝገቡ ለማንም ክፍት ስለሆነ ነው። ቢሮ ውስጥ የተባለው እዚያው ይቀራል።

ምስጢሩን መጠበቅ አልከበደኝም። የከበደኝ ከማኅበረሰቡ ጋር ያለው ነገር ነው። ክለርክ ጥብቅና መሥራት አይችልም፤ ለቅርብ ቤተሰብ፣ ያለ ክፍያ ከሚደረግ ቀላል የወረቀት ሥራ በቀር። አክስቴ የጎረቤቷን የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ይዛ ስትመጣ «አልችልም» ማለት ነበረብኝ፤ ኩራት መስሏቸው የተቀየሙኝ አሉ። የፖለቲካ ተሳትፎም ክልክል ነው፤ ለዕጩ መቀስቀስ፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ፌስቡክ ላይ ጎራ ለይቶ መሟገት የለም። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ለዘመድ ወዳጅ አንድ ጊዜ በግልጽ ንገሩ፣ ማኅበራዊ ገጻችሁንም አጽዱ።

ስለ ገንዘብ እናውራ። አዲስ ተመራቂ ክለርክ ዋሽንግተን አካባቢ በ2024 በዓመት ወደ 80 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበር። በዚያው ጊዜ ትልልቅ የጥብቅና ድርጅቶች ለጀማሪ 225 ሺህ ይከፍሉ ነበር። ወላጆቼ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ለምን?» አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ድርጅቶቹ ክለርክ ሆኖ ለመጣ ጉርሻ ይሰጣሉ፤ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ክለርክ ጉርሻው 500 ሺህ ዶላር ደርሷል። የፌዴራል ሎን (የትምህርት ብድር) ካለባችሁ ክለርክነት የመንግሥት ሥራ ስለሆነ፣ በሕዝብ አገልግሎት ለሚሠሩ የሚደረገው የሎን ስረዛ ለሚጠይቃቸው 120 ወርሃዊ ክፍያዎች ይቆጠራል። እኔ ሎኑ ስለከበደኝ መጀመሪያ ድርጅት ገባሁ፣ ቀለል ሲለኝ ወደ ፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ተዛወርኩ። አብሮኝ የሠራው ልጅ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ አሁን ችሎት ላይ በተቃራኒ ወገን እንገናኛለን።

በመጀመሪያው ዙር ላልተሳካላችሁ፦ የተመረቀ ሰው ከዕቅዱ ቀን ጋር አይታሰርም፣ በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይችላል፤ የሥራ ልምድ ያለውን የሚመርጡም ዳኞች ብዙ ናቸው። የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶችንም አትናቁ። ኒው ጀርዚ ውስጥ የሱፐርየር ፍርድ ቤት ዳኞች ሁሉ ክለርክ ይቀጥራሉ፤ በዋሽንግተን ዲሲ ሱፐርየር ፍርድ ቤትም ዕድል አለ፤ የዜግነት መስፈርታቸውም ከፌዴራሉ ሊለይ ይችላል። ኢሚግሬሽን ሕግ ለምትወዱ የፍትሕ ሚኒስቴሩ አዲስ ተመራቂ ጠበቆችን በሚቀጥርበት በኦነርስ ፕሮግራሙ በኩል ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ክለርክ ሲቀጥር ቆይቷል፤ ማመልከቻው የሚከፈተው ሦስተኛው ዓመት ሲጀምር አካባቢ ስለሆነ በጋ ላይ ተዘጋጁ።

ከአገር ቤት በኤልኤልቢ ተመርቃችሁ የምትጽፉልኝም አላችሁ። የአሜሪካው የፌዴራል በር በወረቀት ጉዳይ ለእናንተ ጠባብ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን የውጭ አገር ክለርኮችን ለስድስት ወር ያህል ይቀበላል፤ ደመወዝ ስለማይከፍል ወጪውን የሚሸፍንላችሁ ስኮላርሺፕ አስቀድማችሁ ፈልጉ። ሔግ ያለው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤትም በየዓመቱ ወጣት ሕግ ምሩቃንን ከዳኞቹ ጋር ያሠራል። እዚያ የሚያመለክተው ተማሪው ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ፣ የሕግ ትምህርት ቤታችሁ ዲን ቢሮ ሄዳችሁ «ዕጩ ታቀርባላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከታዳጊ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ለሚመጡ ወጪ የሚሸፍን ፈንድ መቋቋሙንም ንገሯቸው።